ኳየት የተባለችው ባዝራዬ

ዓርብ፣ ኦገስት 9

ውድ ዳሬል፣

«ውድ» ልበልህ ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አመነታሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ስላሉን ብቻ ጻፍኩት። ቀኝ እጄ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ በግራዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢወላገድ ጥፋቱ ያንተ ነው።

ትናንት ባዝራዬን ወደ ቻርሌቪል የፈረስ ጨረታ ልትወስዳት መኪና ላይ ከመጫንህ በፊት፣ ሊገዛት ያሰበ አንድ ሰውዬ ትንሽ ሴት ልጁን ይዞ ሊያያት መጣ።

«ኳየት ናት!» አልከው። «ልጅህ ሆዷ ሥር ብትሾልክ እንኳ ንቅንቅ አትል።»

«የእህትህ እጅስ ምን ሆኖ ነው?» አለህ።

«ከጭነት መኪና ላይ ወድቃ ነው። አይደል እንዴ፣ ኔሪ?»

ጀሶውን ከጀርባዬ ደበቅኩት።

«እሷም እንደ ባዝራዋ ኳየት ናት» አልከው። «ሁለቱም አይናገሩ፣ ሁለቱም አይራገጡ!» ተሳሳቃችሁ።

ይህን «ኳየት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃል ጠላሁት። ለፈረስ ሲሆን ገር፣ የተገራች ማለት ነው። መምህሬ ስለ እኔ ስትጽፈው ጨዋ፣ ዓይን አፋር ማለቷ ነበር። አክስቴ ቫል ነፋስ የሌለበትን ቀን ትጠራበታለች። አንተ ግን ባዝራዋ ጥላኝ እጄ የተሰበረ ቀን ጆሮዬ ሥር መጥተህ «ኳየት!» ስትለኝ፣ አፍሽን ዝጊ ማለትህ ነበር። አሁን ማንም ቢለው የምሰማው ያንተን ድምፅ ነው።

ባዝራዬ አመለኛ ሆና አልተወለደችም። በፕላስቲክ ቱቦ የቀጠቀጥካት በግራ ጎኗ ነው፤ በዚያ በኩል ሰው ሲጠጋት ትፈናጠራለች። ፈረስ ደግሞ የሚወጣው በግራ ነው። ያቺ የሰውዬው ልጅም በግራ ነው የምትወጣው። የወለቀው የፊት ጥርሷ እንኳ ገና አልበቀለም።

እውነቱን ካወጣሁ ባዝራዬ ለውሻ ምግብ ቄራ እንደምትገባ ነግረኸኛል። በዚህ ነበር አፌን የለጎምከው።

ነገ ከአክስቴ ቫል ጋር ወደ ጨረታው እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ከጨረታው በኋላ መኪናህ ወንበር ላይ ታገኘዋለህ። አጫራቹ «ኳየት ባዝራ፣ ለልጅ የምትሆን!» ሲል፣ ጀሶ የታሰረውን እጄን ከአጥሩ በላይ አነሣለሁ። እዚያ እጁን ያነሣ ዋጋ ሰጠ ማለት ነውና፣ ዞሮ «እሺ የኔ ልጅ፣ ስንት?» ይለኛል። ያን ጊዜ እጄ በምን እንደተሰበረ፣ እሷንም ማን እንዳበላሻት ሰው ሁሉ እየሰማ እናገራለሁ። ገዢው ሁሉ ይሸሻታል።

እኔ ግን ከበግ ሸለታው ያገኘሁት ደሞዝ አለኝ። እስክገዛት ድረስ እጄን አላወርድም።

እህትህ ኔሪዳ