ስለ ኦልደር ጎዳና አዲሱ የእግረኛ መንገድና ስለ ወይዘሮ ቬልማ

ለተከበሩ የከተማችን የመንገድ ሥራ ክፍል ኃላፊ፣ ለአቶ ክሊፎርድ ባስኮም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ የጸና፣ ወገብዎ የቀና፣ ከቤትዎ ደጃፍ እስከ መኪናዎ ያለውም መሬት የተደላደለ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የኦልደር ጎዳና ነዋሪዎች፣ ከአቧራው የተረፍነው ማለቴ ነው፣ ደህና ነን።

እኔ ማርሊን ኮቫክ የምባል፣ ባለ አረንጓዴው በር ቤት ባለቤት ነኝ። እናቴ ሚልድሬድ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ከእኛ ቀጥሎ ክፉ ውሻና ረጅም አጥር ያለው ቤት አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቢጫ ቤት ደግሞ ወይዘሮ ቬልማ ፕሩየት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እናቴ ከምሳ በኋላ ባለ አራት እግር ምርኩዟን እየገፋች በአሮጌው የእግረኛ መንገድ እዚያ ትሄድ ነበር፤ ካርታ ይጫወታሉ፤ አጭበርብረሻል፣ አላጭበረበርኩም ይባባላሉ፤ ተኳርፈው ይለያያሉ፤ በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ይገናኛሉ። ባሎቻቸውን ከቀበሩ ወዲህ የሁለቱም ሕይወት ይኸው ነበር። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ በግንቦት በየበራችን ስላንጠለጠላችሁት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። ሥራው በሁለት ሳምንት እንደሚያልቅና ዓላማውም ጎረቤትን ከጎረቤት ማገናኘት እንደሆነ ይገልጽ ነበር። ወዲያው አሮጌው መንገድ ተነቀለ፤ በምትኩ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚውጥ ቦይ ተቆፈረና ብርቱካናማ የማስጠንቀቂያ ኮኖች ተደረደሩበት፤ ሠራተኞቹም ሌላ ሰፈር ሊቆፍሩ ሄዱ። ቢሮዎ ስደውል የምታነሳው ልጅ አንደበቷ ማር ነው፤ "በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፣ እመቤት" ትለኛለች። ሰኔን በሙሉ ደወልኩ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ሁለተኛ፣ ለደህንነታችን ስለምትጨነቁ አመሰግናለሁ። እኔ ባለጌዋ ከጋራዤ ወፍራም ጣውላ አውጥቼ፣ መደገፊያ ቸንክሬለት፣ በእኛም በወይዘሮ ቬልማም ደጅ ቦዩ ላይ ዘርግቼ ነበር፤ እናቴም በአስፋልቱ ዳር ዞራ መሄድ ጀምራ ነበር። ተቆጣጣሪያችሁ ግን ጭቃ ነክቶት የማያውቅ የራስ ቁር ደፍቶ መጣና ፈቃድ የሌለው ግንባታ ነው ብሎ ጣውላዎቹን በመኪና አስጫናቸው።

"ሰው ቢወድቅበትስ?" አለኝ።

"ቆፍራችሁ ከተዋችሁት ጉድጓድ ጣውላው ነው ያስፈራህ፣ የኔ ልጅ?" አለችው እናቴ ከበረንዳው።

ጆሮው ድረስ ቀላ። አብሮት የመጣው የሠራተኞቹ ፎርማን ራንዲ ደግ ሰው ነውና "ኑ እማማ፣ አዝዬ ላሻግርዎት" ቢላት፣ "የድንች ጆንያ መሰልኩህ እንዴ?" ብላ መለሰችው።

ሦስተኛውን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ። በሐምሌ ኮንክሪቱ ፈሰሰ፣ ደረቀም። እናቴ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ካርታውን ኪሷ ከትታ በረንዳው ላይ ቆማ ሳለች መስበሪያው ማሽን መጥቶ አዲሱን መንገድ ፈጨው። ምን ሆናችሁ ብዬ ስሮጥ ራንዲ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ቁልቁለቱ ከደንቡ በጣት ጫፍ በልጧል፤ አካል ጉዳተኛ ይቸገርበታል ተባልን" አለኝ። ለአካል ጉዳተኞች ስላሰባችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አካል ጉዳተኛዋ ባርኔጣዋን አውልቃ ወደ ቤት ገባች።

ከዚህ በኋላ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ መቁጠሩን ትቼዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስልክ አልነበረም ወይ እንዳይሉኝ፣ የወይዘሮ ቬልማ ጆሮ በስልክ አይሰማም። እኔ ምግብ ይዤ ቦዩን እየዘለልኩ እሄድ ነበር፤ በሩን ሲከፍቱልኝ ግን ከትከሻዬ በላይ አሻግረው እናቴን ነበር የሚፈልጉት። በነሐሴ ልጃቸው ዳግላስ ከአሪዞና መጣ። እናቱን በቀትር በሌሊት ልብሳቸው አገኛቸው፤ ያመጣሁት ምግብ እንደተሸፈነ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ለሁለት ሰው ታድሏል። "ሰው የሚጠይቃት መስሎኝ ነበር" አለኝ። አፈርኩ፣ አቶ ባስኮም። ማፈር የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም፤ ግን ፊቱ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ አፈርኩ። እሱን አልወቅሰውም፤ ያየውን አይቶ እሱ ዘንድ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ሊወስዳቸው ወሰነ።

በሄዱበት ቀን እናቴ እስከ መኪናው መድረስ አልቻለችም፤ ቦዩ ዳር ቆመች። መኪናው በፊታችን ሲያልፍ ወይዘሮ ቬልማ መስኮቱን አውርደው፣ "ሚልድሬድ! የመጨረሻውን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ!" ብለው ጮኹ።

"ሞተሻል! አጭበርብረሽ ነው!" አለች እናቴ። መኪናው ግን ታጥፎ ነበር፤ መስማታቸውን እንጃ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በጥቅምት መንገዱ አለቀ። መዋሸት አልፈልግም፣ ጥሩ መንገድ ነው። በቢጫው ቤት ደጅ የተተከለው የሽያጭ ሰሌዳም "ፊት ለፊቱ አዲስ የእግረኛ መንገድ ያለው" ብሎ ያሞግሰዋል። እናቴ አንድ ቀን ብቻ ወጣችበት፤ እስከ ሰሌዳው ሄዳ ተመለሰች። እንዴት ነው ስላት "ለስላሳ ነው" አለችኝና ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

እንግዲህ ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ፣ የሚቆፍሩትም መሬት እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከደጃፌ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ማርሊን ኮቫክ

ማሳሰቢያ፦ በረዶ በጣለ ቁጥር እያንዳንዱ ባለቤት የደጁን መንገድ የመጥረግ ግዴታ እንዳለበት የሚገልጸው ጽሑፋችሁ ትናንት ደርሶኛል። የራሴን እጠርጋለሁ። በቢጫው ቤት ደጅ ያለውን ግን የሚጠርግ ሰው የለም፤ ቤቱን ባዶ ያደረጉት እርስዎ ስለሆኑ ተራው የእርስዎ ነው ብዬ አምናለሁ። አካፋ ከሌለዎት በሬን ያንኳኩ፤ እናቴ ትከፍትልዎታለች፤ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ናት።