በኦቦ ቀጄላ ስም ስለተመዘገበው የስልክ መስመር

መስከረም 6 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቡራዮ

ለተከበሩ የመረጃ ክትትል ክፍል ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። እኛ ደህና ነን። አከራዬ ኦቦ ቀጄላ ግን አዲሱን ዓመት የተቀበሉት እርስዎ ዘንድ ታስረው ስለሆነ፣ ደህንነታቸውን ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

1. በቅድሚያ ጥፋቴን ልመን፤ መስመሩ ላይ የተሰካው ኮምፒውተር የእኔ ነው። ያለ ክፍያ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ማንነታቸው ሳይታይ ኢንተርኔት እንዲጠቀሙ መልእክታቸውን እየተቀበለ ያሳልፍ ነበር። ከተጂ እስከ ሰበታ ፌስታል የሚያደርስ ሾፌር ውስጡን ከፍቶ እንደማያይ ሁሉ፣ እሱም አያይም፤ አይመዘግብም። አዲሱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ የአንድ ዓመት መዝገብ ይቀመጥ ይላል። በዚህ የግርግር ዘመን የታሰረ ወንድሟን ወሬ በስውር የምታጠያይቅ እህት እንዳለች እያወቅሁ፣ ስሟን መዝግቤ ልጠብቅዎት ኖሯል?

2. ከእኔ መዝገብ ሲያጡ ሠራተኞችዎ መስመሩ የማን እንደሆነ አጣሩ። ቤቱን ስከራይ አብሮ የመጣው መስመር በኦቦ ቀጄላ ስም ነበርና፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁትን የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ከእርሻቸው ላይ ወሰዷቸው። አድራጊዋ እኔ ነኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ደጅዎ ብመጣ፣ ስሜ መስመሩ ላይ እንደሌለ በትሕትና አስረድተው መለሱኝ። ስለ ትሕትናቸው አመሰግናለሁ።

3. አምና በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰሞን የእኚሁ ሰው መሬት ሲለካ፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተው መሬቱ በስምዎ አልተመዘገበም ተብለው ነበር። አርባ ዓመት ያረሱት መሬት ከመንግሥት ጋር ሊያስተዋውቃቸው አልቻለም፤ አንድ ቀን ያልተጠቀሙበት ኢንተርኔት አስተዋወቃቸው። ስልጣኔ ማለት ይህ ነው።

እውነቱን ለመናገር አፍሬያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እኔ ባደረግሁት፣ የሚቀጡት እሳቸው ናቸው። እባክዎ ይፍቷቸውና እኔን ይሰሩኝ።

ስሟ በመዝገብዎ እንዲገባላት እጅ ነስታ የምትለምን፣
ሰናይት ፈቀደ፤
ከኦቦ ቀጄላ ግቢ፣ ከኋላ ያለችው አንድ ክፍል (ለማጣራት እንዳይደክሙ)።

ማስታወሻ፦ የኦቦ ቀጄላ ባለቤት ወይዘሮ በቀለች በየቀኑ ስንቅ ሲያመጡ ስማቸው፣ ሰዓቱና የምግቡ ዓይነት በር ላይ በደብተር ይጻፋል። ከማክሰኞ ወዲህ ሳህኑ ሳይነካ እየተመለሰላቸው፣ ጠባቂው ግን “ታሳሪው ተቀብለዋል” ብሎ ይጽፋል። ያንን ደብተር እንደ አዋጁ አንድ ዓመት ሙሉ ያስቀምጡልን፤ ልጆቻቸው መጥተው ይጠይቁበታል።