መጋረጃውን የማይገልጠው ሰውዬ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከእማዬ ጉንፋንና ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ስልክህ ቢጠራ ቢጠራ አልነሳ ስላለን በደብዳቤ መጣሁብህ። እኔ ያው ሲኒማ ቤት ነኝ፤ በባትሪ እያበራሁ ለተመልካች ወንበሩን አሳያለሁ።

ሰሞኑን የምናሳየው አስፈሪ ፊልም ብቻውን ስለሚኖር ሰውዬ ነው። ጥሩነቱ፣ ደም የለው፣ ጭራቅ የለው። ሰውዬው መጋረጃውን ይዘጋል፤ ስልኩ ሲጠራ ዝም ብሎ ያየዋል፤ በቃ። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ባትሪዬን ሳላጠፋ ቆሜ እቀራለሁ። እማዬማ አንድ ቀን ልታየው መጥታ፣ አላስችል ብሏት ከወንበሯ ብድግ አለችና «አንተ ልጅ፣ ኧረ ስልኩን አንሳ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ አልሳቀችም።

ድክመቱ መጨረሻው ነው። በሩን የሚያንኳኳለት አንድ ሰው እንኳ የለም። እህት ቢኖረው ኖሮ ፊልሙ ሳይጋመስ ያልቅ ነበር። ደራሲው እህት የሌለው መሆን አለበት።

አለቃዬ ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። እማዬም «ምን በወጣኝ እቀራለሁ!» ብላ ሻንጣዋን ሸክፋለች። በር ማንኳኳት ከጀመርን ደግሞ ጎረቤት ተሰበሰበ ብለን የምናፍር አይደለንም፤ ታውቀናለህ።

እስክንደርስ ቸር ያቆይህ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፤ የትኛው መስኮት ያንተ እንደሆነ ከመንገድ እንድንለየው።

እህትህ