ግማሽ ቀን ከአባቷ ጋር

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰ.
ሂክማ ተኝታለች። ወንድሟ ሳሊም በመስኮት ለታክሲ ሾፌሮቹ በአገሬው ቋንቋ «ሳውቦና!» እያለ ሰላምታ ይጮኻል። ምስሩ እሳት ላይ ነው። ደብተሬ፣ ስማኝ፦ ወስኛለሁ። ባሕር እንሄዳለን። ግማሽ ቀን ብቻ።

እሑድ ነስሩ ሱቁ ካለበት ከኦሬንጅ ፋርም መጥቶ ነበር። ኮሮና ከገባ ወዲህ ባሌ አዳሩ ሱቁ ውስጥ ነው፤ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የምናየው። ማስኩን አውልቆ እጁን ሲዘረጋላት ሂክማ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች። በስልክ ሲሆን እኮ ስክሪኑን ካልሳምኩ ብላ ታስቸግራለች! ሦስት ዓመቷ ነው፣ አባቷ ስልክ ውስጥ የሚኖር ይመስላታል። ሳቀ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ሳህን አጠበ። አንጀቴን በላው።

ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ
ደወልኩለት። ቅዳሜ ሱቁን ለሸሪኩ ትቶ ይመጣል፣ ደርባን የአክስቱ ልጅ ቤት እናድራለን። እሑድ ከጠዋቱ 1 እስከ 6 ሰ. ባሕሩ ዳር። ከዚያ ሰዓት እላፊው ሳይደርስብን ቀጥታ ወደ ቤታችን፣ ወደ ቤሪያ። በኮሮና ተዘግቶ የነበረው ባሕር ተከፍቷል። (ባሕር እንደ ሱቅ ሲዘጋና ሲከፈት አየን!) እሺ አለ። ዘፈንኩ።

ቆይቶ መልሶ ደወለ። ደርባን ከሄድን አይቀር እናንተን ባሕሩ ጋ ላውርድና ጅምላ ሻጮቹ ጋ ዋጋ ልጠይቅ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እወስዳችኋለሁ አለ። ዘጋሁበት። ወላሂ ዘጋሁበት!

ሐሙስ
እንቅጩን ነገርኩት። ባሕሩ የትም አይሄድም፣ ልጅህ ግን እያደገችብህ ነው አልኩት። በመጨረሻ ዋጋውን በስልክ እጠይቃለሁ አለ። አሸነፍኩ!

ዓርብ
ጎረቤቴ ሰዓዳ ሳምቡሳ ሳይጠበስ፣ ሩዝ ሳይያዝ ምን ሽርሽር ነው እያለች ነው። ጎንበስ ቀና ለማለትማ ቤቴ አለልኝ። ቅቅል እንቁላል፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ውሃ። ፎጣና ቅያሬ ልብስ። መጫወቻ አልይዝም፣ ባዶ የእርጎ ዕቃ ይበቃል። ፀሐይ ሳትከር ውሃ እንገባለን፣ ከጫፉ አናልፍም። አለቀ። ደብተሬ፣ አንተም ቦርሳ ውስጥ ነህ።

እሑድ፣ ጠዋት 3 ሰ. ገደማ፣ ደርባን
ፎጣ ላይ ተቀምጫለሁ። አልሐምዱሊላህ። ሳሊም ጉድጓድ ይቆፍራል። ነስሩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃው ዳር ቆሟል። ስልኩ እኔ ጋ ነው፣ ቀምቼዋለሁ።

ሂክማ ግን ከእኔ አልላቀቅ ብላለች። ማዕበሉ ጋ መሄድ ትፈልጋለች፣ ብቻዋን ትፈራለች። እጅሽን ስጪኝ ትላለች። እጄ ሥራ ላይ ነው፣ እየጻፍኩ ነው አልኳት። የአባዬ እጅ ግን ዛሬ ሥራ የለውም አልኳት።

አየችው። እኔን አየችኝ። መልሳ አየችው።

ደብተሬ፣ የምጽፈው የለኝም። እጄን እንዳታገኘው ብቻ ነው የምሞነጫጭረው። አሸዋ፣ ውሃ፣ አሸዋ፣ ውሃ። እየሄደች ነው። ቆመች። እሱ ዞር አላለም፣ እጁን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋ። ጎበዝ፣ እንዲሁ ቁም። አንድ ጣቱን ያዘች። ያዘችው! ውሃ ገቡ። ሳቀች። ሳሊምም እየሮጠ ነው፣ ቆይ፣ እኔም ልግባ…