የሸሸግኸኝ አጥር

ሸምሱዬ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ስላልናፈቅኸኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። አሁንም ንዴቴ አልበረደም፤ ግን ከዚህ በላይ ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሀያት ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ጨርሳ አጋሮ ሥራ ይዛለች። የጓሮው በር፣ ያ "ነገ እሠራዋለሁ" ስትለኝ የኖርከው በር፣ እንደተወላገደ አለ። የሚያናድደኝ ግን በሩ አይደለም፤ ጫካው ነው።

ከቤታችን በታች ያለው ጫካ ሰው ሁሉ ቆሻሻ የሚደፋበት በነበረ ጊዜ፣ በየቤቱ እያንኳኳህ ጎረቤቱን ያወጣኸው አንተ ነህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፌስታል ስንለቅም፣ ችግኝ ስንተክል፣ ከብት እንዳይገባ ስናጥር ስንት ዓመት ኖርን። ኩላሊትህ ታሞ መራመድ ሲያቅትህ ወንበርህን ትልቁ ዋንዛ ሥር አወጣልህ ነበር። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ አንገትህን ቀና አድርገህ ስታይ፣ ሕመሙ ለጊዜው የሚለቅህ ይመስለኝ ነበር።

አንተ ካለፍክ በኋላ የጫካውን ኮሚቴ ማን ይምራ ተባለ። የጀማልን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። የግድግዳ ጎረቤታችን፣ የልጅነት ጓደኛህ፣ ቀብርህ ውስጥ ወርዶ በእጁ ያስተኛህ ሰው። ከእሱ ሌላ ማንን ልጥራ?

ክረምት ሲገባ የጀማል ቆርቆሮ አጥር ወደ ጫካው የተጠጋ መሰለኝ። ዓይኔን ጠረጠርኩ እንጂ እሱን አልጠረጠርኩም። አንድ ሐሙስ ከእኛው ከተማ መርካቶ ስመለስ፣ ገና ከባጃጁ ሳልወርድ የመጋዝ ሞተር ሰማሁ። ዘንቢሌን መንገድ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ዋንዛው ተጋድሟል። ሁለት የጥቁር እንጨት ዛፎችም አጠገቡ ወድቀዋል። ጀማል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሠራተኞቹን ያዛል።

"ዘሀራ፣ ያረጀ ዛፍ ነው። ቤቴ ላይ ሊወድቅ ነበር" አለኝ።

"ዛፉ የትም አልሄደም፤ ወደ ዛፉ የሄደው ያንተ ቤት ነው!" አልኩት። ድምፄ ያን ያህል እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ግንዱ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሠራተኞቹ ግራ ገብቷቸው መጋዙን አጠፉ።

ጎረቤቱ ወጣ። ለቅሶህ ላይ "ይሄ ጫካ የሸምሱ ሐውልት ነው" እያሉ እንባቸውን ሲጠርጉ የነበሩ ወንዶች ሁሉ መሬት መሬቱን ያያሉ! "ትልቅ ሰው ነው፣ በአደባባይ አይዋረድ" ይላሉ። እኔ ስዋረድ የታየው የለም። አጠገቤ መጥተው የተቀመጡት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት። "እኔ ከዚህ አልነሳም፤ የሚቆርጥ ይምጣ" አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ የከበቡን።

በማግስቱ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጀማል ይክዳል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልካደም። ብድግ ብሎ፣ "ከዓመታት በፊትም አንዴ ገፍቼው ነበር" አለ። "ሸምሱ አይቶኝ፣ አጥሩን ሁለታችን በእጃችን መለስነው። ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረም። እሱ ቢኖር እንዲህ ሰው ፊት አያቆመኝም ነበር።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እጅህን ቆርቆሮ ቆርጦህ የመጣህበት ቀን ትዝ አለኝ። "ሥራ ቦታ ነው" ብለኸኝ ነበር። ቁስሉን አጥቤ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሳምንት ሙሉ ያጎረስኩህ እኔ ነኝ። ሳጎርስህ ምን ታስብ ነበር ሸምሱ? ያኔ ብትነግረኝ የጀማልን ስም አልጠራም ነበር። ዋንዛው ዛሬ ቆሞ ነበር። የጓደኛህን ገመና ሸፈንክ፤ እኔን ግን ለማላውቀው ሰው ዋስ አደረግኸኝ።

ቆርቆሮውን በዚያው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነቀልነው። የመጀመሪያውን ሚስማር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጀማል ከኮሚቴው ወረደ። ድንበሩ ላይ ለመግፋት የማይመች ትልልቅ ድንጋይ ተከልን። አሁን በየቀኑ አንድ ቤት ተራ ይዞ ጫካውን ዞሮ ያያል፤ ያኔ መሬት መሬት ያዩት ወንዶችም ሳይቀሩ። ክረምቱ ሳያልፍ ዋንዛና ጥቁር እንጨት ተከልን። ግማሹን ፍየል በላብን፤ እንደገና ተክለን በእሾህ አጠርነው። በበጋው ስታጠጣ የከረመችው ማን እንደሆነች ብነግርህ አታምንም፤ የጀማል ሚስት ነች። ቧንቧዋ ለጫካው ቅርብ ነው። ባልዲዋን ይዛ ትመጣለች፣ አጠጥታ ትሄዳለች። አታናግረኝም፤ እኔም አላናግራትም። ችግኞቹ ግን ጉልበቴ ጋ ደርሰዋል። ዋንዛው ሲወድቅ የሸሹት ጉሬዛዎች ከጫካው ማዶ ያለውን ወንዝ ተሻግረው እንደሄዱ ናቸው፤ እስካሁን አልተመለሱም።

ጀማል ሽማግሌ ላከብኝ። "ማሎ ዘሀራ፣ እባክሽ፣ ለሸምሱ ስትይ ይቅር በይው" አሉኝ። ለሸምሱ ብዬማ አንዴ አምኜው ነበር! እንቢ አልኳቸው። አላህ አንድ ቀን ልቤን ያለሰልሰው ይሆናል። ዛሬ ግን አልለሰለሰም፤ አንተንም አልዋሽህም።

ሰዉ ሲያነሳህ "ደጉ ሸምሱ" ይላል። እኔ የማነሳው ሙሉውን ሸምሱን ነው፤ ጫካውን ያዳነውንም፣ ሚስቱን ማመን ያቃተውንም። ጁምዓ ጁምዓ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ዱዓዬን ስጨርስ ደግሞ እቆጣሃለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሁለቱንም አላቋርጥም።

ሚስትህ ዘሀራ