ጡበኞቹ ያሸነፉበት ወንበር

ቦልተን ፌሪ፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ኦገስት 10 ቀን 1993

ለምወድህ ለኦርቪል፣

እንዴት ከርመሃል? የአላስካው ብርድና የዓሣው ፋብሪካ እንዴት ይዘውሃል? እዚህ ሙቀቱ መኪና ውስጥ የተረሳ ቸኮሌት ሾርባ ያደርጋል። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ዘንድሮ አላስቸገረኝም፤ ቲማቲሙ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ ሳድል ነው የምውለው። ደህና ያልሆኑት የቤዝቦል ቡድናችን ጡበኞቹ ናቸው።

ባለፈው ስትደውል እንደ ልማድህ "ማን ወረወረ?" ብቻ አልከኝ። ስሙን ነገርኩህ። "እህ" አልክና ሰው ስልኩን ይፈልገዋል ብለህ ዘጋህ። በአንድ "እህ" የሚያልቅ ጉድ ስላልሆነ ነው ወረቀት ያነሳሁት። የጡቡ ፋብሪካ ተዘግቶ ቤት የዋልክ ጊዜ "ወሬሽ ቤቱን ሞላው፣ የምቆምበት አጣሁ" ብለህ እንደሄድክ አልረሳሁም። ደብዳቤ ግን ደግነቱ፣ ሲሰለችህ አጥፈህ ኪስህ ትከተዋለህ። ደግሞም ሜዳ ላይ ወሬዬን ጠልተኸው አታውቅም።

ከውርወራው ልጀምር፤ ምሳህን በልተህ ከሆነ ትንሽ ቆይተህ አንብበው።

ስታንፊልን ታስታውሰዋለህ፣ አምና መጨረሻ ላይ የመጣውን ቀይ ፀጉር። ዘንድሮ ዋናው ወርዋሪያችን እሱ ሆኖልሃል። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ የሰርግ መጥሪያ ነው የሚመስለው፤ ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ መሃል ለመሃል ይመጣል። መቺዎቹም ከተጠሩበት ሰርግ አይቀሩም። ሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ መሃል ጨርሶ ያጣዋል። አንዱን መሬት ለመሬት፣ አንዱን ከኳስ ያዡ ራስ በላይ ይልካል፤ አራት አበላሽቶ አንዱን መቺ በነጻ ወደ አንደኛው ማረፊያ ይሸኘዋል፣ ቀጥሎ የመጣውንም ይሸኘዋል፣ ሦስተኛውንም ይሸኘዋል። ሥጋ ሻጩ ክሊተስ ያው እንደ ድሮው ከኋላችን ነው፤ "ልጄ፣ እንግዳ መሸኘት ከወደድክ ሆቴል ክፈት" እያለ ይጮኽበታል። ስታንፊል ሲደክመው የሚተኩትማ ቃጠሎ አጥፉ ሲባሉ ቤንዚን ይዘው የሚመጡ ናቸው።

መቺዎቹን ደግሞ ስማ። አምና በጸደዩ ሩክን አይተህ "ይህ ልጅ ኳሱን ወንዙ ውስጥ ይከተዋል" ብለኸኝ ነበር። ወንዙ እስካሁን እየጠበቀ ነው። ቁመቱ የበር ያህል፣ ክንዱ የግንድ ያህል፤ ዱላውን ሲያነሳ ግን ከሾርባው ላይ ዝንብ እሽ የሚል ነው የሚመስለው፣ እሱም ዝንቡ ከሄደ በኋላ። ያችው የረድፋችን ወይዘሮ ጌርታ ሬዲዮዋን ጭኗ ላይ፣ አቅራቢ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ስትከታተለው ሰንብታ፣

"ይህ ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል" አለች።

"ሲመታ?" አላት ክሊተስ።

"ሲስት። ሲመታማ አላየሁትም፣ አልዋሽም።"

"ጸሎት ላይ ይሆናል" አልኳት።

"ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። እዚህ ከፍለን ነው የገባነው።"

ጁንንና ጁላይን በአንድ ክርክር ነው የገፋነው፤ የከፋው ውርወራው ነው ወይስ ምቱ? ክሊተስ ውርወራው ይላል። ወይዘሮ ጌርታ፣ "ወርዋሪዎቹ ቢያንስ ለሌላው ቡድን ይሠራሉ፤ መቺዎቹ ለማንም አይሠሩም" ትላለች። እኔ እንደ ቀኑ ነው። አንተ ብትኖር ዝም ብለህ ሰምተህ ሰምተህ በስምንተኛው ዙር አንዲት ቃል ጣል ታደርግና ሁላችንንም ታስቀን ነበር። ቃሏ ምን እንደምትሆን ለመገመት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሜዳው ላይ ለዓመት በስምህ የተያዘውን ወንበርህን ማንም አልነካውም ነበር። አረንጓዴውን ትራስህን በየጨዋታው ይዤ ሄጄ አስቀምጥበታለሁ። ቲኬት የሌለው ልጅ ሁሉ ሊቀመጥበት ሲል ክሊተስ "ሰው አለው" ይልልኛል። "የታለ?" ሲሉት "አላስካ" ይላቸዋል። በሜይ የመክፈቻው ዕለት "እመጣለሁ" ብለህ ነበርና ያን ቀን በርበሬ የበዛበት ሆትዶግ ለሁለት ሰው ገዝቼ ሁለቱንም በላሁ። ይህንን ለወቀሳ አይደለም የምነግርህ፤ ሆትዶጉ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በጁላይ መጨረሻ አንድ ቀን በሦስተኛው ዙር ዝናብ ወረደ። ሚስተር ዴልማርን ታውቀዋለህ፣ ደብዳቤ አዳይ የነበረውን፣ ሚስቱ ከሁለት ዓመት በፊት ያረፈችበትን። ከእኛ በታች ባለው ረድፍ ጣሪያው ያፈሳልና ኮቱን ራሱ ላይ አድርጎ ቆመ። "ወይዘሮ ላቨርን፣ እስኪያባራ ድረስ ቢፈቅዱልኝ?" አለኝ። ሰው እየረጠበ እንዴት እምቢ ይባላል? ትራስህን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩና ተቀመጠ። በተቀመጠባት ቅጽበት ሩክ፣ ያው ዓይኑን የሚጨፍነው ሩክ፣ ኳሷን ከአጥሩ በላይ ሰደዳት። አሸነፍን።

የረድፋችንን ሰው ታውቀዋለህ፣ ገድ ያመልካል። በማግስቱ ስደርስ ሚስተር ዴልማር ከቦታህ ላይ ተቀምጧል፤ ክሊተስና ወይዘሮ ጌርታ ግራና ቀኝ እንደ ዘብ ቆመውበታል።

"ዛሬ ዝናብ የለም እኮ" አልኳቸው።

"ላቨርን፣ አፍሽን ያዢ" አለኝ ክሊተስ። "ሰውየው ከዚህ አይነሳም።"

አሸነፍን። በሦስተኛው ቀንም አሸነፍን። ከዚያ ወዲያ ሕግ ወጣለት፤ ያችኑ ቡናማ ሸሚዝ እንዲለብስ፣ በአምስተኛው ዙር ኮምጣጣ ኪያር እንዲበላ፣ እኛ ስንመታ ሽንት ቤት እንዳይሄድ። ምስኪኑ ሰውዬ በሰባተኛው ዙር ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል። እስቅባቸው ነበር፤ ግን አንተም ቡድኑ ማሸነፍ በጀመረበት በዚያ ዓመት አንድ ካልሲ ሳታሳጥብ የውድድሩን ወቅት የጨረስክ ሰው ነህ። ካልሲውን በረንዳ ላይ አሳድረው ነበር፤ የጎረቤት ውሻ እንኳን ዞሮት ነበር የሚያልፈው።

ስድስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። ድል ብለህ እንዳትደሰት ታዲያ። ስታንፊል ያንኑ መጥሪያውን ነው የሚያድለው፤ ተጋጣሚዎቻችን ግን ኳሷን ከእጃቸው ይጥሏታል፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ አንዱማ ፀሐይ ዓይኑ ገብታ በግንባሩ ያዛት። ሌላው ሲወድቅ ቆሞ መገኘት ነው ድላችን። በአንዷም ንጹሕ አሸናፊነት አላየሁባትም፤ የቆሸሸ ሳህን ላይ እንደቀረበ ኬክ ነው የጠላሁት። ከተማው ግን አብዷል። ዳቦ ቤት ስሄድ፣ ፖስታ ቤት ስሄድ፣ "ሚስተር ዴልማር ደህና ነው? ጉንፋን እንዳይይዘው" ይሉኛል። ስላንተ የጠየቀኝ የለም።

ሰውየውን ልጥላው ብዬ ሞክሬ አቃተኝ። ጨዋ ነው። ኦቾሎኒ ፈልፍሎ በእጄ ያስቀምጥልኛል። ወሬዬንም እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ሳቆም "ከዚያስ?" ይለኛል። ኦርቪል፣ በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመን "ከዚያስ?" ብለኸኝ አታውቅም። መጀመሪያ ጊዜ ሲለኝ ወሬዬ ጠፋብኝ፤ ቀጣዩ ምን እንደሆነ ረሳሁት።

የባለፈው እሑድ ጨዋታ ሰባተኛዋ ልትሆን ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰው እስከ አጥሩ ሞልቷል። ዘጠነኛው ዙር ላይ አራት ለሦስት እየመራን ነው። የነሱ ሁለት መቺ ወጥቷል፣ አንድ ብቻ ነው የቀረን፤ ስታንፊል ግን ያው ስታንፊል ነውና ሦስቱንም ማረፊያ ሞልቶታል። ለመጨረሻው መቺም ሦስት አበላሽቶበታል፣ እሱም ሁለቴ ስቷል። የምትቀረው አንድ ኳስ ናት። ወይዘሮ ጌርታ ሬዲዮዋን አቅፋታለች።

ይኼኔ ሚስተር ዴልማር ወደ እኔ ዘንበል አለና በለሆሳስ፣ "ወይዘሮ ላቨርን፣ ለቲኬት ቢሮዋ ልጅ ነግሬያታለሁ። ባለቤትዎ የማይመለሱ ከሆነ፣ ይህችን ወንበር ለሚቀጥለው ዓመት በኔ ስም እንድታደርግልኝ። ቅር ካላለዎት" አለኝ።

ቅር ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

"ይነሱ" አልኩት።

"ምን አሉኝ?"

"ይነሱልኝ፣ ሚስተር ዴልማር። ወንበሩ ሰው አለው።"

ክሊተስ ከኋላ ትከሻዬን ያዘኝ። "አሁን? ላቨርን፣ አሁን? ኳሷ ትወርወርና እኔ ራሴ ተሸክሜ አነሳልሻለሁ።"

"አሁን።"

"ሴትዮዋን ሙቀት መታት፣ ውሃ አምጡ" አለች ወይዘሮ ጌርታ። "ዴልማር፣ ንቅንቅ እንዳትል።"

እሱ ግን ጨዋ ነው ብዬሃለሁ። ፊቴን አየ፣ ኮፍያውን አነሳ፣ ተነሳ። ትራስህን ወንበሩ ላይ አደረግኩት። ስታንፊል ወረወረ። የመታትን ድምፅ አላስካ ሳትሰማው አልቀረህም። ከሩክ ራስ በላይ በርራ ሣሩ ላይ ወደቀችና ሁለት ሯጮቻቸው ዙሩን ጨርሰው ነጥብ አስቆጠሩ፤ አምስት ለአራት መሩን። የኛዎቹ ሦስት መቺዎች ደግሞ አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው ተቻኩለው ወጡና አለቀ።

ወይዘሮ ጌርታ ሬዲዮዋን ዘጋች፣ መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ የበሰበሰ ዓሣ እንዳየ ሰው አፍንጫዋን ነፍታ አየችኝ።

"ስድስት ጨዋታ" አለች። "ለአንድ ባል።"

"ያለኝ አንድ ነው" አልኳት።

ክሊተስ ትናንት ሥጋ ልገዛ ስሄድ የፊተኛውን ትቶ ከኋላ ያለውን ጅማታም ሰጠኝ፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰም። ዳቦ ቤትም ሰላምታ ቀርቶብኛል። ሚስተር ዴልማር ብቻ ነው መንገድ ላይ ኮፍያውን ያነሳልኝ፤ ጥፋት የሌለበትን ሰው በሰው ፊት እንዳስነሳሁት ሳስብ ያመኛል፣ ቲማቲም ልኬለታለሁ። የቀረውን ከተማ ተወው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ከሜዳው ሲወጣ፣ እግዜር ይይልኝ፣ እኔ ፈገግታዬን የምደብቅበት አጥቼ በፕሮግራሙ ወረቀት ነው አፌን የሸፈንኩት።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሄጄ ነበር። ልጅቷ መዝገቧን አይታ፣ "ወንበሩ በሚስተር ኦርቪል ስም ነው፤ ልልቀቀው የሚሉ ከሆነ ራሳቸው መደወል አለባቸው። ካልደወሉ በስማቸው ይቀጥላል" አለችኝ። ስለዚህ አንተን የምጠይቅህ ትንሽ ነገር ናት። ወንበሩን የማትፈልገው ከሆነ ለልጅቷ ደውልላት፤ ለኔ አትንገረኝ፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ሳይ እረዳዋለሁ። የምትፈልገው ከሆነ ለማንም አትደውል። ዝም ብለህ ና ተቀመጥ። እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ በሜዳችን ነን፤ እንደምንሸነፍ እኔ ዋስ ነኝ።

እጅህን ከቢላዋውም ከበረዶውም የሚጠብቅ አንድዬ ይጠብቅልህ። ወፍራሙን ሹራብ ልበስ፣ ራት ሳትበላ አትተኛ።

ላቨርን