ሁለት ሰው የሚፈልግ ብልሽት

አስካልዬ፣

ከተለያየን ዛሬ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እንዲህ ቀን ስቆጥር ብታዪኝ ትስቂ ነበር፤ የጋብቻችንን ቀን እንኳ አንቺ ካላስታወስሽኝ የማላስታውስ ሰው ነበርኩ። ደህና ነን። የሺ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ። ከልቤ መሆኑን እወቂልኝ፤ ዓምና ይህን ጊዜ «ደህና ነኝ» ያልኩትን ሰው ሁሉ ዋሽቼዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ከአልጋችን በላይ ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ ለውጬዋለሁ። አዎ፣ ያንኑ ሦስት ክረምት ሙሉ «ነገ፣ ነገ» እያልኩ አንቺ ከሥሩ ባልዲ ስታስቀምጪበት የኖርሽውን። ጎመንሽ አለ። የመጀመሪያውን ውሃ አብዝቼበት አበሰበስኩት፤ ከሳሪስ ችግኝ አምጥቼ እንደገና ተከልኩ። ከሐዲዱ ማዶ ሌላ ፋብሪካ እየሠሩ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የሁለት ፋብሪካ ጡሩምባ ሊጮህብን ነው። የሺ አራተኛ ክፍል ገባች። ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ። የተበጠሰ ድር የሚቀጥል ጣት ሹሩባ አያቅተውም ብዬ በድፍረት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ ማን እንደሠራት ጠየቀቻት፤ «አባባ» ስትላት ሳቋን ልትደብቅ ወደ ሰሌዳው ዞረች አሉ። አሁን ሁለት ዓይነት እችላለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ስለ ደብተሩ ላመሰግንሽ ነው። በሕይወትሽ ሳለሽ ምስጋና ከአፌ አይወጣም ነበርና አሁን ሳበዛው ታገሺኝ።

ፋብሪካ ውስጥ እኛ የሽመና ማሽን ጠጋኞች በየፈረቃው መጨረሻ የምንሞላውን ሰማያዊ ደብተር ታውቂዋለሽ፤ ስለሱ ስነጫነጭ ስንት ጊዜ ሰምተሽኛል። አራት ዓምድ አለው፤ ብልሽቱ፣ ምክንያቱ፣ የተሠራው፣ የቀረው። ወጪው ተረኛ ይጽፋል፤ ገቢው ተረኛ ያነብና ከሥሩ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ይፈርማል። ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው ሲሆን፣ «ሁለት ሰው ይፈልጋል» ብለን እንጽፍበታለን። ታመሽ በተኛሽበት ሰሞን ስለዚህ ደብተር አንድ በአንድ ስትጠይቂኝ፣ ሕመሙን ለመርሳት ወሬ የፈለግሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ሱቅ ልከሽ ያንኑ የመሰለ ሰማያዊ ደብተር አስገዝተሽ፣ እኔ ሥራ ስውል አልጋሽ ላይ ሆነሽ እያሰመርሽው ኖሯል።

ያገኘሁት ከአርባሽ በኋላ ወደ ሥራ ልመለስ ቱታዬን ከሣጥን ሳወጣ ነው፤ ከመሐሉ ወደቀ። እርሳስ በክር አስረሽበታል። ሽፋኑ ላይ በዚያ ትልልቅ ፊደልሽ «ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ገጽ። ወደፊት መግለጥ ክልክል ነው፤ አውቅሃለሁ» ይላል። ውስጡ አራቱ ዓምዶች፣ በየገጹ አናት ደግሞ አንድ ጥያቄ። የመጀመሪያው «በልተሃል? አትዋሽ» የሚል ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድኩብሽ። ሞተሽ እንኳ አታርፊም ወይ አልኩ። ደብተሩን ወደ ሣጥኑ መልሼ ወረወርኩትና ክዳኑን ከደንኩት።

ያን ጊዜ እኔ ሰው አልነበርኩም አስካልዬ። እህል አይወርድልኝም፣ እንቅልፍ የለኝም። የወጣሁበትን መሰላል እረሳና ማሽን ላይ ቆሜ ምን ልሠራ እንደመጣሁ አስባለሁ። ጎረቤት «አይዞህ» ሲለኝ እቆጣለሁ፣ ዝም ሲለኝም እቆጣለሁ። ጠበል ሂድ አሉኝ፣ ሄድኩ። ጠበሉን የሚያጠምቁት ቄስ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ «ምንም» አልኳቸው። ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቅም ነበር። ማሽን ቢሆን ጆሮዬን አስጠግቼ በድምፁ አውቀው ነበር፤ የራሴን ግን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ ቱታዬን ስፈልግ ደብተሩ እንደገና እጄ ገባ። ይዤው ሄድኩና የሻይ ሰዓት ላይ ከክር ክምሩ ኋላ ተደብቄ ጻፍኩ። ብልሽቱ፤ አልበላም። ምክንያቱ፤ ማዕዱ ላይ ብቻዬን የሆንኩ ይመስለኛል። የተሠራው፤ ምንም። የቀረው፤ ሁሉም። ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ግን አንዳች ነገር ከደረቴ ተነስቶ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ በዚያ ቀን ምሳዬን ጨረስኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ ጥያቄሽን ለማየት መቸኮል ጀመርኩ። «በዚህ ሳምንት ማንን ተቆጣህ? እሱ ምን አጠፋ? አንተስ?» ብለሽ ሦስት ሰው አስጽፈሽኛል። ሁለቱ ምንም አላጠፉም ነበር። «ማን ደግ ዋለልህ? ስሙን ጻፍ» ስትዪ ማንም ብዬ ልጽፍ እርሳሴን አነሳሁና፣ በረኛው ዘግይቼ ስደርስ ሁለት ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ያስገባኝ መሆኑ ትዝ አለኝ። ስሙን ጻፍኩ። ሰኞ ዕለት ሰላም ስለው ሰውየው ደነገጠ።

አንድ ጥያቄሽ ግን ይመላለስ ነበር። በየአራት በየአምስት ገጹ «የሺ ምን አለችህ?» ትያለሽ። እኔም በየጊዜው «ምንም» እያልኩ አልፋለሁ። እውነት ነው፣ ምንም አትለኝም ነበር። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ የሰጠኋትን ትበላለች፣ ጥግዋን ይዛ ትቀመጣለች። ዓይኗ ያንቺ ነው። ቀና ስትል አንቺ ቀና ያልሽ ይመስለኝና ፊቴን አዞራለሁ። ስለዚህ እህትሽ አልማዝ ከናዝሬት «ልጅቷን ስጠኝ» ብላ ስትልክብኝ እሺ አልኩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰኔ መጨረሻ ላይ በባቡር መጥታ ልትወስዳት ተስማማን። ለልጅቷ የሚሻለው ይህ ነው እያልኩ ለሰው አወራለሁ፤ ለራሴም አወራለሁ።

አልማዝ ልትመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ጥያቄሽ እንደገና ያው ሆነ። በዚያ ቀን ግን እጄ «ምንም» ብሎ መጻፍ እምቢ አለኝ። «ምንም አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት» አልኩ። ምክንያቱ በሚለው ሥር፤ «ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። እናቷን አያለሁ።» የተሠራው፤ «ወደ ናዝሬት ልልካት ነው።» የቀረው፤ «ይህን ለማን እንደምናገር አላውቅም።» ጽፌ ስጨርስ ጡሩምባው ጮኸ። የፋብሪካውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኑሬ፣ ያንቺን ቱታዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ሳወጣው የሰባት ቁጥር ማሽን መወርወሪያ ተሰብሯል ይላል።

አስካልዬ፣ የዚያን ቀን ያህል ሮጬ አላውቅም። ዘበኛው ከፈረቃ ውጭ አላስገባም አለኝ፤ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ወይ ፍንክች። ከእኔ ቀጥሎ የሚገቡት ጋሽ ገመቹ ናቸው፤ በሠርጋችን ላይ ጭፈራ አላቆም ብለው ያስቸገሩንን ሽማግሌ አትረሺያቸውም። እሳቸው ያነቡታል፣ ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ ሌላውም ያነበዋል፣ ሰኞ ስገባ የሽመና ክፍሉ ሁሉ እየጠቆመ ይስቅብኛል ብዬ ቆረጥኩ። ሥራውን ለቅቄ ሌላ ፋብሪካ ልጠይቅ ሁሉ አሰብኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ገመቹና ባለቤታቸው እማማ ጫልቱ ናቸው። ደብተርሽን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውታል። «ደብተራችንን አምጣ፣ ትናንት በቃሌ ነው ያስረከብኩት፣ አለቃው ሊበላኝ ነበር» አሉኝና ያንቺን ሰጡኝ። አይተው የሳቁ አይመስሉም። ገልጬ አየሁት። ከጻፍኩት ሥር፣ በዚያ የማሽን ዘይት በጠጣ ጣታቸው፣ «ሁለት ሰው ይፈልጋል» ብለው ጽፈዋል። ከሱ ዝቅ ብሎ «ተረክቤያለሁ፤ ገመቹ» ይላል፤ ፈርመዋል።

አለቀስኩ። በሽማግሌ ፊት፣ በእማማ ጫልቱ ፊት፣ በልጄ ፊት አለቀስኩ። በቀብርሽ ላይ ያልወጣው ሁሉ የዚያን ቀን ወጣ። ጋሽ ገመቹ አላባበሉኝም። ወንድ ልጃቸው በባቡር አደጋ ከሞተ ብዙ ዓመት እንደሆነው ታውቂያለሽ፤ እስከዛሬ «የቀረው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ብቻ ነገሩኝ።

ከዚያ ዞር ብለው የሺን ጠየቋት። እኔ ግማሽ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ፣ «ናዝሬት መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ?» አሏት። የሺም «የፋኖሱን መስታወት እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ሁለተኛ አልሰብርም» አለች።

የትኛው መስታወት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ያንቺ ፋኖስ ነው። በአርባሽ ዕለት ስታወርደው ወድቆባት፣ ስብርባሪውን ለቅማ ጎመኑ ሥር ቀብራዋለች። እኔ መሰበሩን እንኳ አላየሁም። ልጄ ግን ፊቴን የማዞርባት በሱ ምክንያት መስሏት፣ የምልካትም በሱ ነው ብላ፣ ስንት ወር ሙሉ ብቻዋን ተሸክማዋለች። የምትጠይቂኝ ይህን ነበር። አንቺ ልጅሽን ታውቂያለሽ፣ እኔንም ታውቂያለሽ፤ ሁለታችንም ዝም እንደምንል አውቀሽ ነው ያንን ጥያቄ በየአራት ገጹ የተከልሽው።

የዚያን ቀን ዓይኗን አየሁት። ያንቺ ነው፣ ግን በቀኙ በኩል ትንሽ ቡናማ ነጥብ አለበት፤ ያንቺ ላይ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ አላየሁትም ነበር።

አልማዝ በባቡር መጣች፣ ልጅቷን አልሰጥም አልኳት። ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም ብላ ሁለት ቀን ተቆጣች፤ በሦስተኛው ቀን የሺን ሳም አድርጋ ሄደች። ያመጣችውን ቅቤ ትታልን ስለሄደች ይቅር እንዳለችኝ ቆጥሬዋለሁ። አሁን በየዓመት በዓሉ እኛ ወደ እሷ እንሄዳለን። ጋሽ ገመቹ ደግሞ መጻፍ ስለማይቀናቸው ጥያቄሽን እኔ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው በቃል ይመልሳሉ። ቅዳሜ የሻይ ሰዓት ላይ ከክር ክምሩ ኋላ ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ ያየ ሁሉ ሐሜት የያዝን ይመስለዋል።

ሐዘኑ ለቀቀኝ አልልሽም። ድንገት ትመጪብኛለሽ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲመታ፣ ሰው ከኋላዬ ስምሽን ሲጠራ። ግን ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ስሙን እጽፋለሁ፣ ምክንያቱን እጽፋለሁ፣ የሚሠራውን እሠራለሁ፣ የቀረውን ለሰው እናገራለሁ። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ በዚያ ደካማ እጅሽ መስመር እያሰመርሽ። ለራስሽ ልታርፊበት የምትችዪውን ጊዜ ለእኔ ሰጠሽው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አስካለ። ስንት ዓመት ሙሉ ያልኩሽ ይመስለኝ ነበር፤ አላልኩሽም።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። ወደፊት አልገለጥኩም፣ ባልሽኝ ሁሉ እምላለሁ። አናቱ ላይ ጥያቄ የለም። «ደብተሩ አለቀ አይደል? ሌላ ግዛ። የዚያን ጥያቄ የሺ ትጻፍልህ፤ እስከዚያ ቁም ነገር ታውቃለች» ይላል።

ገዛሁ። ያው ሰማያዊ ነው። የሺ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቁጭ ብላ አሰመረችው፤ መስመሯ ካንቺ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፣ አትቆጪ። የመጀመሪያውን ገጽ ስትሰጠኝ «ዛሬ እማዬን ምን ልትላት ፈለግህ?» ይላል። «ናፍቀሽኛል» ብዬ ጽፌ መለስኩላት። አንብባ ደብተሩን መለሰችልኝ። አንድ ቃል አይበቃም፣ ብልሽቱም ምክንያቱም የተሠራውም ሁሉም ይጻፍ አለችኝ። ሙሉ በሙሉ አንቺን ወጥታለች።

ስለዚህ ይኸው ከምሳ ጀምሮ ስጽፍ ዋልኩ። ስምሽን የሚያነሳ ጥያቄ በዚህ ቤት አይጠፋም፤ የሺ እስከ ጻፈች እኔ እመልሳለሁ፣ እኔ ሳልፍ ደግሞ ደብተሩ እሷ ዘንድ ይቀራል። የቀረው በሚለው ሥር ምን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ ነበርና «ሁለት ሰው ይፈልጋል» አልኩ።

የሺ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እያነበበች ነው፣ እርሳሷን ይዛለች። ልትፈርም ነው።

ያንቺው
ታደሰ